ለኪታ አሌፍ ደርሷል? ተረት ጠይቁት

ከሰዓት በኋላ የአፉላ ታሐና መርካዚት በእናቶችና በልጆች ይሞላል። ወደ ቤት ሸአን ወይም ወደ ሐይፋ የሚሄደው አውቶቡስ እስኪመጣ እናት ሱፍ ትገዛለች፣ ልጅ ይቁነጠነጣል። ውድ ወላጆች፣ ይህችን የመጠበቂያ ጊዜ ለተረት አውሏት የምንላችሁ ልጁን ዝም ለማሰኘት ብቻ አይደለም።

ልጅ ከጋን ወደ ኪታ አሌፍ ከመሻገሩ በፊት ለትምህርት መድረሱ ይታያል። ጋነኔቷ «ኪፓ አዱማ»ን፣ ባለ ቀይ ቆቧን ልጅና የተኩላውን ተረት፣ በዕብራይስጥ አንብባ ትጠይቀዋለች እንበል። ልጁ አቀርቅሮ ዝም ይላል። እኛ ዘንድ በትልቅ ሰው ፊት ማቀርቀር የጨዋ ልጅ ወግ ነው፤ እሷ ግን «አልገባውም» ብላ ልትጽፍ ትችላለች። በዚህ የተነሳ አንድ ዓመት ጋን ይድገም ቢባልስ? ቋንቋ አለማወቅ ሌላ፣ አለመብሰል ሌላ!

በ2014 ያረፉት የኢየሩሳሌሙ ፕሮፌሰር ሬኡቬን ፎየርሽታይን ልጅን የሚመዝኑት በሌላ መንገድ ነበር። መጀመሪያ ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ይማራል፣ ከዚያ እንደገና ይጠየቃል። የሚለካው ይዞት የመጣው ሳይሆን በመካከል የጨመረው ነው። የባር ኢላኑ ዳዊድ ጹሪኤል ከባልደረባቸው ጋር በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ የመጡ የኪታ አሌፍ ልጆች በመጀመሪያው ፈተና እዚህ ከተወለዱት በታች ነበሩ፤ ከተማሩ በኋላ ግን ልዩነቱ ጠበበ።

ይህን እናንተም በተረት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። «ተረት ተረት» በሉትና «የላም በረት» ካለ በኋላ፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ኃጢአታቸውን የተናዘዙበትን ንገሩት። ሦስቱ ሥጋ በልተው «ይህስ ኃጢአት አይደለም» ተባባሉ፤ ሣር የነጨችው አህያ ተበላች። በማግስቱ እሱ ይንገራችሁ። ቅደም ተከተሉን ከያዘ፣ ማን ምን እንዳለ ከለየ፣ «አህያዋ ብቻ ለምን ተበላች?» ሲባል ከራሱ ምክንያት ካመጣ፣ ለኪፓ አዱማም ደርሷል፤ የጎደለው ዕብራይስጡ ነው። (አንዳንዱ ልጅ በጅቡ ተናዶ ይጮሃል፤ እሱም መልስ ነው።) ከሳተም አትቆጡት። እንደገና ነግራችሁ በሁለተኛው ጊዜ የጨመረውን አስተውሉ። አያት ካለች ደግሞ ከሁላችን ትበልጣለች።

ስለ ልጁ ለስብሰባ ስትጠሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየትኛው ቋንቋ ተፈተነ? መጋሸር አብሮት ነበር? ከተማረ በኋላ እንደገና ተጠይቋል? የአህያዋን ተረት እንዴት እንደሚተርክም ለጋነኔቷ ንገሯት። ያልተተረጎመላችሁን ወረቀት ግን አትፈርሙ።