ጭስና ሳንባ፦ በመካነ ብርሃን ደጋ ስለሚታየው የትንፋሽ ማጠር

በሰሜን ጎንደር፥ በጃናሞራ ወረዳ፥ በመካነ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ማለዳ ከቤት ወጥቶ አገሩን የሚመለከት ሰው አስቀድሞ የሚያየው ከየቤቱ ክዳን ሥር እየሰረገ የሚወጣውን ጭስ ነው። ጭሱ በጭስ ማውጫ የሚወጣ አይደለም፤ ቤቱን ሞልቶ፥ ግድግዳውንና ማገሩን በጥቀርሻ አጥቁሮ፥ በመጨረሻ በሣሩ ወይም በቆርቆሮው ሥር መንገድ አግኝቶ የሚወጣ ነው። ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት ግን በምድጃው ዙሪያ በተቀመጡት ሰዎች ሳንባ ውስጥ ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ይህ ጭስ በሳንባ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፥ ይልቁንም ኤምፊዚማ የተባለውን በሽታ ምንነትና ታማሚው ከበሽታው ጋር እንዴት ሊኖር እንደሚችል ነው።

ነገሩን እንድንመረምር ያነሣሣን የአያታችን ሕመም ነው። አያታችን ሲጋራም ሆነ ጋያ በአፋቸው አድርገው አያውቁም። ነገር ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ በምጣድ ፊት ተቀምጠው እንጀራ ጋግረዋል፤ ቆሎና አሻሮ ቆልተዋል። መጀመሪያ ማለዳ ማለዳ ያስላቸው ነበር። ቀጥሎ ከምንጭ ውኃ ቀድተው ሽቅብ ሲወጡ ሁለት ሦስት ጊዜ ያርፉ ጀመር። በኋላም ከመደብ ተነሥተው ደጃፍ እስኪደርሱ ትንፋሻቸው ያጥር ነበር። ስንጠይቃቸው «ልጆቼ፥ ብርድ ገብቶብኝ ነው» ይሉን ነበር፤ እኛም ብርድ ነው ብለን ወደ እሳቱ ይበልጥ አስጠጋናቸው። ጎረቤት ደግሞ መክሳታቸውን አይቶ ነቀርሳ ነው ብሎ ስለፈራ የሚጠጡበት ኩባያ ተለየ። አክታቸው ተመርምሮ ነቀርሳ አለመሆኑ ቢታወቅም ኩባያው እንደተለየ ቆየ፤ በሽታው ምን እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረምና። ከብዙ ጊዜ በኋላ በትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ሲመረመሩ ሳንባቸው የሳበውን አየር መልሶ ማውጣት እንደተሳነው ታወቀ። እንግዲህ ወደ እሳት ማስጠጋታችን ማስታመም መስሎን በሽታውን መመገባችን ነበር።

ሳንባ አየርን ከደም ጋር የሚያገናኘው እጅግ ጥቃቅን በሆኑ የአየር ከረጢቶች አማካይነት ነው። ቁጥራቸው በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። ይህን ለማስረዳት ከእንጀራ ዓይን የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ደኅና የተጋገረ እንጀራ ዓይኑ ደቃቅና ብዙ ነው። በዓይኖቹ መካከል ያለው ስስ ግድግዳ ቢፈርስ ግን ብዙዎቹ ተቀላቅለው አንድ ትልቅ ቀዳዳ ይሆናሉ፤ የእንጀራው ስፋት ሳይቀንስ ወጥ የሚይዘው ገጽ ይጎድላል። በኤምፊዚማ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሳንባው አይጠብም፥ ኦክሲጅን ወደ ደም የሚያልፍበት ገጽ ግን ይጎድላል።

ሁለተኛው ጉዳት የመሰብሰብ ኃይልን ማጣት ነው። ጤነኛ ሳንባ አየር ሲገባበት ተለጥጦ፥ ሲወጣ እንደ ላስቲክ በራሱ ይሰበሰባል። ግድግዳዎቹ የፈረሱበት ሳንባ ግን እንደ ላላ ላስቲክ ስለሚሆን አሮጌው አየር ሳይወጣ አዲሱ ይደረብበታል። ስለዚህ የታማሚው ችግር አየር ማስገባት ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ማስወጣት ነው። ስሙም ይህንኑ ያመለክታል፤ ቃሉ በግሪክ ቋንቋ መነፋት ማለት ነውና። በ1816 እ.ኤ.አ. የደረት ማዳመጫን የፈለሰፈው የፈረንሳይ ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ በ1819 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በሽታ ከሌሎች የሳንባ በሽታዎች ለይቶ ገልጾታል።

ግድግዳዎቹ ስለ ምን ይፈርሳሉ? ጭስ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሰውነት ዘብ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ሊከላከሉ ይሰበሰባሉ። እነዚህም ጠላትን ለማጥፋት የሚረጩት ንጥረ ነገር የሳንባውን የሚለጠጥ ክር ጭምር ይበላል። ይህን የሚገታ ሌላ ንጥረ ነገር በደማችን ውስጥ አለ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ላውሬልና ኤሪክሶን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች ይህ መከላከያ ከትውልድ የጎደላቸው ሰዎች ለኤምፊዚማ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። መከላከያው ሙሉ የሆነለት ሰውም ቢሆን ጭሱ በየቀኑ ለዓመታት ከመጣበት ይሸነፋል። በተጨማሪም ጭስ የአየር ቧንቧዎችን አስቆጥቶ ያጠብባል፥ አክታም ያበዛል። በማገዶ ጭስ በታመሙት ሴቶች ላይ የቧንቧው መጥበብ፥ በሲጋራ በታመሙት ላይ ደግሞ የከረጢቱ መፍረስ ማየሉ ታውቋል። ሁለቱ አብረው ስለሚገኙም ሐኪሞች ሥር የሰደደ አየር አጋጅ የሳንባ በሽታ በሚል በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ይህ በሽታ 3.5 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል።

በበለጸጉት አገሮች የበሽታው ዋና ምክንያት ሲጋራ ነው። በኢትዮጵያ ግን በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት ከ100 አዋቂዎች 5 ያህል ሆነው ሲገኙ፥ በእንጨት፥ በከሰል ወይም በኩበት የሚያበስለው ቤተሰብ ከ10 ከ9 በላይ ነበር። ስለዚህ በአገራችን «ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ?» ብሎ ጠይቆ ማቆም አይበቃም፤ «ስንት ዓመት ጋገርሽ?» ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ጭሱን በቤት ውስጥ የሚያኖረውን ባላገር አላዋቂ ነው ማለት ስሕተት ነው። በደጋው ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ በር ከተከፈተ ሙቀቱ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ጭስ የሣሩን ክዳን ከምስጥ፥ የተንጠለጠለውን ዘር ከነቀዝ ይጠብቃል። ማገዶው ባሕር ዛፍ፥ አስታ ወይም ኩበት ነው፤ በክረምት ደግሞ እርጥብ ስለሚሆን ጭሱ ይብሳል። ይህን ሁሉ ሳያመዛዝኑ የሚሰጥ ምክር ሰሚ አያገኝም።

የአገሩ ከፍታም ነገሩን ያከብደዋል። በ3,000 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የስሜን ሰው ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በስሜን በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ የደማቸው ኦክሲጅን በአማካይ 95 በመቶ ገደማ፥ ማለትም በቆላ እንደሚኖር ሰው ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ኤምፊዚማ የሚያጠፋው ይህንኑ ጸጋ ነው። ከመካነ ብርሃን በደባርቅ በኩል ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ደግሞ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ጨነቅንና ሳንቃበርን የሚያልፍ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሕመሙ ከጸና በኋላ የሚደረግ ጉዞ አደገኛ ነው፤ ምልክቱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሁሉ አስቀድሞ አክታው ለነቀርሳ ይመርመር። ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ትኩሳት፥ የሌሊት ላብና በወራት ውስጥ የሚታይ ክሳት ያመጣል፤ በመድኃኒትም ይድናል። አስም መጥቶ የሚሄድ ነው። ኤምፊዚማ ግን በዓመታት ቀስ እያለ የሚጨምርና የማይመለስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ማረጋገጫው የትንፋሽ መለኪያ ነው። ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ፥ ታማሚው በሙሉ ኃይሉ ከሚያወጣው አየር በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ የአየር መንገዱ ታግዷል ማለት ነው።

የፈረሰ ከረጢት አይታደስም፤ የቀረውን መጠበቅ ግን ይቻላል። አንደኛውና ዋነኛው ከጭስ መራቅ ነው፤ የሚያጨስም ቢኖር ማቆም አለበት። ሁለተኛ፥ አተነፋፈስን መማር ነው። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ስቦ፥ ከንፈርን አሞጥሙጦ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው በእጥፍ ጊዜ ማውጣት የታሰረውን አየር ያስወጣል። ሦስተኛ፥ ሐኪም ሲያዝ በአፍ የሚሳቡ መድኃኒቶችን፥ ለምሳሌ ሳልቡታሞልን፥ በትክክል መውሰድ ነው። መድኃኒቱን ስቦ ለማስገባት የሚቸግረው ሰው በመካከል ማጠራቀሚያ ዕቃ ይጠቀማል። በ1999 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት ግማሽ ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራው ማጠራቀሚያ አስም ላለባቸው ሕፃናት ከፋብሪካው የማያንስ መሆኑን አሳይቷል። አራተኛ፥ ትንፋሽ ያጥረኛል ብሎ መተኛት ጡንቻን ያደክማልና በየቀኑ በሜዳ ላይ በልክ መራመድ ይጠቅማል። አምስተኛ፥ መተንፈስ ራሱ ብዙ ጉልበት ስለሚፈጅ ጥቂት ጥቂት ምግብ ደጋግሞ መብላት ይገባል። የደማቸው ኦክሲጅን እጅግ ለወረደ ሰዎች በቀን ከ15 ሰዓት ያላነሰ ኦክሲጅን ዕድሜ ያራዝማል፤ ኦክሲጅን ባለበት ቤት ግን እሳት መንደድ የለበትም። አክታው ቀለሙ የተለወጠ፥ ትንፋሹ ከወትሮው የባሰ፥ እግሩ ያበጠ፥ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም የሚፈዝና የሚያንቀላፋ ታማሚ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

መከላከሉስ? በቻይና በሹዋንዌይ አውራጃ ከ20 ሺህ በሚበልጡ ገበሬዎች ላይ የተደረገውና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ጭስ ማውጫ በሌለው ምድጃ ፈንታ ጭስ ማውጫ ያለው ሲተከል ይህ በሽታ መቀነሱን፥ ጥቅሙም ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ጉልህ ሆኖ መታየቱን ገልጿል። በአገራችን ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ሆኖም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ላይ የተደረገውና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የሕፃናትን የሳንባ ምች በግልጽ አልቀነሰም። ከዚህ የምንረዳው ማገዶ መቆጠብ መልካም ቢሆንም ጭሱ ከቤት ካልወጣ በቂ አለመሆኑን ነው። እንግዲህ ከምድጃው በላይ የጭስ መውጫ ማበጀት፥ ማገዶውን ከክረምት በፊት አድርቆ መከመር፥ በሚጋገርበት ሰዓት በርና መስኮት መክፈት፥ ሕፃን አዝሎ አለመጋገር፥ ሲቻልም መጋገሪያውን ከመኝታ ቤት መለየት ያስፈልጋል። ሲጋገር ብቻ ተከፍቶ በሌሊት የሚዘጋ መውጫ ሙቀቱን አያባክንም።

ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጎንደር ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አብሮ ማሠልጠኑ በሽታ በሐኪም ቤት ብቻ ሳይሆን በየቤቱም እንደሚገታ ያስተምረናል። እኛም ለዕረፍት ስንመለስ በቤታችን የጀመርነው በዚሁ መንገድ ነው። ከምድጃው በላይ መውጫ ተከፈተ፤ አያታችን ከምጣድ ፊት ተነሥተው የመጋገሩን ተራ ሌሎች ያዙ፤ ኩባያቸውም ከቤተሰቡ ኩባያ ጋር ተመልሶ ተቀላቀለ። ትንፋሻቸው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ነገር ግን ደጃፍ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ስለ ወጡ እውነት ነው። ስለ ወጥ ሠሪዋ ሳንባ ግን ጉልቻውን መለወጥ ብዙ ነገር ይለውጣልና፥ በየቤታችን ሳይቃጠል በቅጠል እንድንል እናሳስባለን።