የባሕር አቁማዳ ለምን ጣና ውስጥ አይኖርም?

ምኒልክ አደባባይ ላይ የቆመ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዚህ ሰፈር ሆኖ ስለ ባሕር እንስሳት መጻፍ፣ ያውም በፊዚክስ መምህር ብዕር፣ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ እንስሳ የት እንደሚኖር ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ግፊት፣ ፍሰትና ጊዜ ዋናዎቹ በመሆናቸው ጉዳዩ ከመስካችን እምብዛም አይርቅም።

እንስሶቹ በሳይንሳዊ ስማቸው አሲዲያን ይባላሉ። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ አቁማዳ» ነው። በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌላቸው እኛም የባሕር አቁማዳ ብለናቸዋል። 3,000 ያህል ዝርያዎች ይታወቃሉ። አካላቸው ባለ ሁለት ቀዳዳ ከረጢት ነው፤ በአንደኛው ውሃ አስገብተው፣ ደቂቅ ምግቡን አጣርተው፣ በሌላኛው ያስወጣሉ። ሲነኩ ተኮማትረው ውሃ ይረጫሉ።

ታዲያ ጣና ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ለምን የሉም? በእርግጥ ጨዋማ ባልሆነ ውሃ የሚኖር አንድም ዝርያ በየትም አገር አይታወቅም። ምክንያቱ ኦስሞሲስ ነው። የባሕር አቁማዳ የሰውነት ፈሳሽ ጨዋማነት ከከበበው ባሕር ጋር እኩል ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ፣ ጨዉ ወደ አዮኖች ስለሚከፋፈል በሊትር 1 ሞል ገደማ ቅንጣቶች ይኖራሉ። ይህን በጋዝ ቋሚው (0.082) እና በ298 ኬልቪን ስናባዛ 25 አትሞስፌር የሚጠጋ የኦስሞሲስ ግፊት እናገኛለን። ምኒልክ አደባባይ ላይ አየሩ ከሚያሳርፍብን ግፊት ከ30 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው! እንስሳው ጣና ውስጥ ቢገባ ውሃው በዚህ ኃይል ወደ ሰውነቱ ይሠርጋል። ዓሣ ትርፉን ውሃ በኩላሊቱ ያስወግዳል፤ የባሕር አቁማዳ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። የሻላ ሐይቅ ጨዋማ ቢሆንም ጨዉ በአብዛኛው ሶዳ ስለሆነ የባሕር ምትክ አይሆንም።

ባሕር ውስጥም ቢሆን በየቦታው አይገኙም። አዋቂው እንስሳ የሚጣበቅበት ጠንካራ ነገር ይፈልጋል፤ ዐለት፣ የኮራል ስንጥቅ፣ የወደብ ምሰሶ፣ ገመድ ሊሆን ይችላል። ደለል የማጣሪያ አካሉን ስለሚደፍንበት፣ የባሕር አረምም ስለሚሻማው ጥላ ያለበትን ጎን ይመርጣል።

የሚጓዘው እጩ ብቻ ነው። እጩ የእንቁራሪት ጫጩት የመሰለ ባለ ጅራት ዋናተኛ ሲሆን በጅራቱ ውስጥ ከአከርካሪ አጥንት መነሻ ጋር የሚዛመድ ዘንግ አለው፤ ስለዚህ ይህ ከረጢት ከቀንድ አውጣ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። እጩ ምግብ ስለማይበላ ዕድሜው ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ቀናት ነው። በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ ሞገድ በአንድ ቀን ከ17 ኪሎ ሜትር ብዙም አያሳልፈውም። ከምጽዋ እስከ ሱዌዝ ግን ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሞገዱ ሁልጊዜ ቢመቸው እንኳ መቶ ትውልድ ይፈጅበታል ማለት ነው። በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር በምትጓዝ መርከብ ሥር የተጣበቀ አዋቂ በአንጻሩ ሦስት ቀን ሳይሞላው ይደርሳል።

ሄርድማኒያ ሞሙስ የተባለው የቀይ ባሕር ዝርያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፈረንሳዊው ሳቪኚ በ1816 እ.ኤ.አ. ገልጾት ነበር። የሱዌዝ ካናል በ1869 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ በኋላ ግን ወደ ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ተሻግሯል፤ በዚያም በብዛት የሚታየው ሰው በሠራቸው ግንባታዎች ላይ ነው። እንዲህ ያሉ መጤዎች የነባሮቹን ቦታ ይይዛሉ፤ የመርከብን ነዳጅ ፍጆታም ይጨምራሉ። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. የመርከቦችን አካል ስለማጽዳት መመሪያ አውጥቶ በ2023 እ.ኤ.አ. አሻሽሎታል። የባሕር ዳርቻ ባይኖረንም ጅቡቲ የሚመላለሱ መርከቦች ስላሉን ጉዳዩ ይመለከተናል።

ወደብ ደርሶ እነዚህን እንስሳት ለማየት የሚሻ ተማሪ ፀሐይ የማይነካውን የምሰሶውን ጎን ይመልከት፤ ጣቱን ሲያስጠጋም ፊቱን ዞር ማድረግ አይርሳ።