ስኳር ሳይጨመርበት የሚጣፍጠው ቅጠል

ስሙኝማ ጓዶች! የቨርጂኒያ ትምባሆ ጣፋጭነት ከየት እንደሚመጣ ገባኝ! ለእናንተ ሳልነግር እንቅልፍ አይወስደኝምና አንዴ ጆሯችሁን ስጡኝ።

የአንዱ ጓደኛችን አጎት ፒፓ አጫሽ ናቸው፤ ከውጭ ያመጧቸው ሦስት ቆርቆሮዎች አሏቸው። ሦስቱም ላይ ቨርጂኒያ የሚል ተጽፏል። እኔ አላጨስም፤ ለማሽተት ግን አፍንጫ ይበቃል። የመጀመሪያውን ስከፍት የደረቀ ሣርና የሎሚ ልጣጭ ሸተተኝ። ሁለተኛው ዘቢብ ዘቢብ ይላል። ሦስተኛው ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው፤ የዳቦ ቅርፊትና የተምር ሽታ አለው። የተክሉ ዓይነት አንድ፣ ሽታው ሦስት! ሰው ሁሉ «የሆነ ነገር ጨምረውበት ነው» ይላል። በርግጥ ቫኒላና የፍራፍሬ ማጣፈጫ ውስጥ የሚነከር ትምባሆ በዓለም ላይ ሞልቷል። ይኼኛው ግን ጣፋጩን የሠራው ራሱ ቅጠሉ ነው። እንዴት? እሱን ነው የምነግራችሁ።

ሙዝ አስቡ። ከአርባ ምንጭ ተጭኖ ሐዋሳ የሚገባው ሙዝ ገና አረንጓዴ ነው፤ ብትነክሱት አፍ ያስራል። ነጋዴው ሞቅ ያለ የታፈነ ክፍል ውስጥ ይዘጋበታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሩ ሲከፈት ሙዙ ቢጫ ሆኗል፣ ጣፍጧል። ማንም ስኳር አልጨመረበትም! ሙዙ ውስጥ የነበረው ስታርች ነው ወደ ስኳር የተለወጠው። ስታርች ማለት እርስ በርሱ ተያይዞ የረዘመ ስኳር ነው፤ ተያይዞ እያለ ምላስ ጣፋጭነቱን አያውቀውም። ሲበጣጠስ ግን ያውቀዋል። ቨርጂኒያም በቃ ይኸው ነው! ቅጠል ይሁን እንጂ እንደ ሙዝ ይበስላል።

አሁን ደረጃ በደረጃ እንሂድ። የትምባሆ ቅጠል ሲቀጠፍ አይሞትም። ይህን ያዙልኝ፤ ሁሉም ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ከግንዱ ተለይቶም ይተነፍሳል፤ ለመተንፈስ ደግሞ ያጠራቀመውን ስንቅ ይበላል። ገበሬው ቅጠሎቹን ማድረቂያ ቤት ውስጥ ይሰቅላቸዋል። በጥንቱ አሠራር እሳቱ የሚነደው ከውጭ በኩል ነው፤ ሙቀቱ በብረት ቱቦ ወለል ለወለል ይዞራል፤ ጭሱ ቅጠሉን ሳይነካ በጭስ ማውጫው ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ሙቀቱ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አየሩም እርጥብ እንዲሆን ይደረጋል። ቅጠሉ እንዲደርቅ ገና አይፈለግማ! እንዲኖር ነው የሚፈለገው። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ አረንጓዴው ይጠፋና ከሥሩ ተደብቆ የነበረው ቢጫ ይወጣል። ዳር ዳሩ ቀድሞ ቢጫ ይሆናል፤ የመሃሉ ደም ሥር መጨረሻ ላይ ይከተላል። ውስጥ ውስጡን ደግሞ ስታርቹ ወደ ስኳር እየተለወጠ ነው።

ከዚያስ? ሙዝ ቢጫ ሆኖ አይቆምም፤ ዝም ካሉት ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። ልክ በጣፈጠበት ሰዓት ቀጥ ማድረግ ቢቻልስ? የትምባሆው ገበሬ የሚያደርገው ይህንኑ ነው! ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን የአየር መግቢያውን ይከፍታል፣ ሙቀቱን ወደ 50ዎቹ ዲግሪ ያሳድጋል። ቅጠሉ ውኃውን ያጣል፣ ይሞታል፤ ስኳሩም ሳይበላ እዚያው ይቀራል። በመጨረሻ ወፍራሙ ደም ሥር እንዲደርቅ ሙቀቱ 70 ዲግሪን ያልፋል። አንድ ሳምንት ገደማ ቢፈጅ ነው። የደረቀው ቅጠል ክብደት ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ስኳር ሊሆን ይችላል።

በርሊ የሚባለውን ሌላ ትምባሆ ደግሞ እዩት። እሱን እሳት አያስነኩትም፤ ጎኑ ክፍት በሆነ ጥላ ሥር ሰቅለው ነፋስ እንዲያደርቀው አንድ ሁለት ወር ይተዉታል። ቅጠሉ ቀስ ብሎ ስለሚሞት ለብዙ ቀን ይተነፍሳል፤ ያችን ስኳር በልቶ ይጨርሳታል! የሚተርፈው ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ቀለሙ ቡናማ ይሆናል፤ ሽታው ወደ ካካዎና ወደ ለውዝ ይሄዳል፤ ጣፋጭነት ግን የለም። እዚህ ላይ ስደርስ ነው ከመቀመጫዬ የተነሳሁት። የዘሩም የማዳበሪያውም ልዩነት አለ፤ የጣፋጭነቱ ዋና ቁልፍ ግን ቅጠሉ የሞተበት ሰዓት ነው!

ቅጠሉን በቢጫነቱ የማድረቅን ብልሃት ማን አገኘው መሰላችሁ? እንደሚተረከው በ1839 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና ካስዌል በሚባል አውራጃ፣ ስሌድ በተባሉ ባለርስት ቤት በባርነት ያደገ ስቲቨን የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ነበር። አንጥረኛ ነው። ሌሊት የማድረቂያውን እሳት ሲጠብቅ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ እሳቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ሮጦ ከብረት መቀጥቀጫው ከሰል አምጥቶ ጨመረበት። ከሰሉ ድንገት ኃይለኛ ሙቀት ሰጠ፤ ቅጠሉም ማንም አይቶት የማያውቅ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ዓለምን ያዳረሰው ቢጫ ትምባሆ ታሪኩ ከዚህ ወጣት ይነሳል። ባለርስቱ በዚህ ቅጠል ከበሩ፤ ስቲቨን ግን ያኔም ባሪያ ነበር። ስሙን የማነሳው ለዚህ ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ጣፋጩ ቅጠል የሚገኘው ከለም መሬት አይደለም፤ አሸዋማና ስስ አፈር ይወዳል። ተክሉ መጀመሪያ ላይ ናይትሮጅን አግኝቶ ያድጋል፤ መጨረሻ ላይ ናይትሮጅኑ ሲያልቅበት ፕሮቲን መሥራት ስለማይችል ከፀሐይ ያገኘውን ጉልበት ስታርች አድርጎ ያከማቻል። ያ ስታርች ነው ማድረቂያ ቤት ገብቶ ስኳር የሚሆነው። ረሃቡ ጣፋጭ አደረገው ማለት ነው!

የትምባሆ እርሻ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የብላቴ ወንዝ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርድበት ቆላ ለዓመታት ሲለማ ኖሯል፤ በሰሜን ሸዋም ሸዋ ሮቢት በዚሁ ይታወቃል። ቅጠሉ የሚሄደው ለፒፓ ሳይሆን ለሲጋራ ነው። 

ወደ ቆርቆሮዎቹ እንመለስ፤ አሁን ምስጢራቸው ይነበባል። የመጀመሪያው፣ ሎሚ ሎሚ የሚለው፣ ገና ቢጫ እንደሆነ የደረቀ ቅጠል ነው። ስስ ነው፤ በጣታችሁ ስታሹት ይፈረፈራል። ሽታው ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ብርቱካናማና ቀይ ቅጠል አለበት። ቀይ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከግንዱ ላይኛ ክፍል የተለቀመ፣ ወፍራም፣ ተክሉ ላይ ብዙ የቆየ ቅጠል ነው። ላይኛው ቅጠል ፀሐይ በደንብ ያገኛል፤ ኒኮቲኑም ከታችኛው ይበልጣል። ስለዚህ ጣዕሙ ወደ ዘቢብና ወደ ዳቦ ይጠልቃል፤ በጉሮሮ ላይም ይከብዳል። ሦስተኛው በሙቀት ተጨምቆ እንዲጠቁር የተደረገ ነው። ስኳሩና በቅጠሉ ውስጥ ያሉት አሚኖ አሲዶች በሙቀት ሲገናኙ አዲስ ቀለምና አዲስ መዓዛ ይሠራሉ፤ የዳቦን ቅርፊት ቡናማ የሚያደርገውም ይኸው ኬሚስትሪ ነው። የሎሚው ሽታ ሄዷል፤ ጥልቀት ግን መጥቷል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለተኛው ይበልጣል፤ የሣሩም የፍሬውም ሽታ አብሮ አለበትና።

ደግሞ የቢጫውን ቅጠል ቆርቆሮ ሳትከፍቱ ለዓመታት ብታስቀምጡት ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ወደ ዘቢቡም ይጠጋል። እሳት የሚሠራውን ጊዜ በዝግታ ይሠራዋል! አንዳንድ ቀማሚዎች ፔሪክ የሚባል በሉዊዚያና ግዛት ሴንት ጄምስ ውስጥ የሚዘጋጅ ቅጠል ይቀላቅሉበታል። ፔሪክ በርሜል ውስጥ ተጨምቆ ከርሞ ስለሚብላላ የፕሪም ፍሬና የኮምጣጤ ሽታ አለው። ጥቂት ሲጨመር ቨርጂኒያው ጣፋጭነቱን ሳይለቅ ቆምጠጥ ይላል።

መዓዛው ደግሞ ከስኳር ብቻ አይደለም። ቅጠሉን ቢጫ የሚያደርጉት ቀለሞች ካሮቴኖይድ ይባላሉ፤ ካሮትንም የሚያቀሉት እነሱ ናቸው። ቅጠሉ ሲደርቅና ሲቆይ እነሱ ይበጣጠሳሉ፤ ስብርባሪያቸውም ሽታ ይሆናል። ከነዚህ አንዱ ዳማሴኖን ነው፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በቡልጋሪያ የጽጌረዳ ዘይት ውስጥ መገኘቱ ይፋ ሆነ። ይኸው ሽታ በተቆላ ቡና ውስጥም አለ! የሲዳማ ቡና ሲቆላ አፍንጫችን ከሚያገኛቸው ነገሮች አንዱ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል። ወይ ጉድ!

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ደግ አይሆንም። ይህ ስኳር ሲቃጠል ጭሱን አሲዳማ ያደርገዋል። በአሲዳማ ጭስ ውስጥ ያለ ኒኮቲን በአፍ ቆዳ እምብዛም አያልፍም፤ ጉሮሮንም ብዙ አይቆጠቁጥም። የፒፓ አጫሽ ጭሱን አብዛኛውን ጊዜ አፉ ላይ ይይዘዋል። ሲጋራ አጫሽ ግን ጭሱ ለስለስ ስላለለት ወደ ሳንባው ስቦ ያስገባዋል፤ እዚያ ደግሞ ኒኮቲኑ በቅጽበት ደም ውስጥ ይገባል። ያ ደማቅ ቢጫ ቅጠል ሲጋራን ዓለም አቀፍ ያደረገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እኔ እንደማየው ትልቁ ጉዳቱም ከዚህ ይጀምራል። ፒፓም ቢሆን ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣል። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 1112 ማጣፈጫ የተጨመረበትን ትምባሆ መከልከሉ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጣፋጭ ሽታ ልጆችን እንደሚስብ የእኔው አፍንጫ ምስክር ነው።

አሁን ለእናንተ አንድ ጥያቄ። በሲዳማና በአካባቢው አረጋውያን ጋያ የሚባለውን የቅል ፒፓ ሲያጨሱ አይታችኋል፤ ጭሱ በቅሉ ውኃ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው። ትምባሆው ጓሮ የተተከለ፣ በእሳት ሙቀት ሳይሆን በጥላ ቀስ ብሎ የደረቀ ነው እንበል። ዘቢብ ዘቢብ ይሸታል ወይስ አይሸትም? አይሸትም! ቅጠሉ ለብዙ ቀን በሕይወት ቆይቷል፤ ስኳሩን ራሱ በልቶታል። አያችሁ፣ ሳታሸቱት አወቃችሁት!