ሁለት ዓይን ያለው ካሜራ

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ይሞክሩ። በረንዳ ላይ ቆመው ክንድዎን ወደ ፊት ይዘርጉና አውራ ጣትዎን ያቁሙ። አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ጣትዎን ማዶ ካለው የጎረቤት በር አንዱ ጠርዝ ጋር ያስተካክሉ። አሁን የጨፈኑትን ገልጠው ሌላውን ይጨፍኑ። ጣትዎ ዘለለ አይደል?

የዘለለውን ስፋት በዓይንዎ ገምተው በ10 ያባዙት። በሩ 1 ሜትር ያህል ከሰፋና ጣትዎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ከዘለለ፣ በሩ ከእርስዎ 10 ሜትር ገደማ ይርቃል። ሁለቱ ዓይኖችዎ የሚራራቁት ወደ 6.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የተዘረጋ ክንድ ደግሞ የዚያን 10 እጥፍ ያህል ይረዝማል። ሒሳቡ ይኸው ነው።

ይህንኑ ብልሃት ብረት ውስጥ የከተቱበት ካሜራ አለ፤ ሬንጅፋይንደር ይባላል፣ ርቀት ለኪ እንደ ማለት። አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት አይተውት ይሆናል፤ ከሌንሱ በላይ ፊት ለፊት መስኮቶች አሉት። በአንደኛው እርስዎ ያያሉ። ሌላኛው፣ ትንሹ፣ የካሜራው ሁለተኛ ዓይን ነው።

በትንሹ መስኮት የገባው ብርሃን መስታወት ላይ ነጥሮ ወደ ጎን ይሄድና እርስዎ በሚያዩበት መስኮት ውስጥ ካለ ሌላ መስታወት ጋር ይገናኛል። ይሄኛው መስታወት ግማሽ ልብ ነው፦ ብርሃኑን ከፊሉን ያሳልፋል፣ ከፊሉን ይመልሳል። ማታ መብራት አብርተው በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ መንገዱም የራስዎም ፊት አንድ ላይ ይታይዎት የለ? እንደዚያ ነው።

ስለዚህ በሚያዩበት መስኮት መሐል ላይ ባለችው ፈዛዛ ካሬ ውስጥ የሚያነሱት ሰው ሁለት አፍንጫ ይኖረዋል። የሌንሱን ቀለበት ሲያዞሩ ከሌንሱ በስተኋላ ያለች ትንሽ ክንድ ትገፋለች፣ መስታወቱም አብሮ ይዞራል። ሁለቱ አፍንጫዎች አንድ የሆኑ ጊዜ ፎከሱ ልክ ነው፤ ይጫኑ።

ቤትዎ ይሥሩት። ጥርት ያለ የሲዲ ማቀፊያ ክዳን፣ የኪስ መስታወትና ሻማ ይበቃል። መብራቱን አጥፍተው ሻማውን ከክፍሉ ማዶ ያቁሙ። ክዳኑን በአንድ ዓይንዎ ፊት አንጋደው ይያዙ፤ መስታወቱን ከጎኑ፣ አንድ ስንዝር ገደማ ራቅ አድርገው፣ በዚያው ልክ ያንጋዱት፤ በአንድ ወገን በግማሽ እንደተከፈቱ ሁለት በሮች። መስታወቱን ቀስ አድርገው ሲያዞሩት ሁለተኛ ነበልባል መጥቶ ከፊተኛው ጋር ይገጥማል። ሰው ሻማውን ወደ እርስዎ ቢያስጠጋው እንደገና ይለያያሉ።

እጅዎ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ልብ ይበሉ። የካሜራው መስኮቶች 7 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ 10 ሜትር ላይ ካለ ሰው እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ መስታወቱ የሚዞረው የአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው! አንዴ የወደቀ ካሜራ ርቀት የሚስተው ለዚህ ነው። ሩቅ አቅራቢ ለሆኑ ረጃጅም ሌንሶችም የማይመቸው ለዚሁ ነው።

ኦስካር ባርናክ የፈጠራት ካሜራ፣ ላይካ፣ በ1925 እ.ኤ.አ. ለገበያ ስትቀርብ ርቀቱን መገመት ወይም በተለየ መሣሪያ መለካት ግድ ነበር። መለኪያውና ሌንሱ የተያያዙት በ1932 በወጣችው ላይካ 2 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ካርኮቭ ያለ የወጣቶች ኮምዩን የእሷን ግልባጭ ፌድ ብሎ መሥራት ጀመረ፤ ስሙ የሶቪየት የደኅንነት መሥሪያ ቤት መሥራች የፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዢንስኪ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። ለካሜራ የሚገርም ስም ነው!

ዛሬስ ምን ይጠቅማል? ውስጡ የሚያጨበጭብ መስታወት ስለሌለ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። በሚጫኑበት ቅጽበት እይታዎ አይጨልምም። በብዙዎቹ ደግሞ ከፎቶው ክፈፍ ውጭ ያለውንም ያያሉ፤ ልጁ እየሮጠ ሊገባ መሆኑን ቀድመው ያውቃሉ። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ጉዳቱም አለ፤ የሚያዩት በሌንሱ በኩል አይደለም። የእህቴን ልጅ ክርስትና 36ቱንም ፎቶ የሌንሱን ክዳን ሳላነሳ «አንስቼ» ተመልሻለሁ። በመስኮቱ ሁሉም ነገር አምሮ ይታየኝ ነበር። እህቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

በነገራችን ላይ ይህ ብልሃት ኪስዎ ውስጥም አለ። የብዙ ስልኮች ካሜራ ፎከስ የሚያስተካክለው በሌንሱ ግራና በሌንሱ ቀኝ የገባውን ብርሃን እያስተያየ ነው። እርስዎ ሳያዩት ሁለቱን አፍንጫ ያገጣጥማል።

አሮጌውን ሬንጅፋይንደር ሊገዙ ካሰቡ ገንዘብ ሳይቆጥሩ ወደ ሩቅ አንቴና ያነጣጥሩ። ቀለበቱን የተኛችው 8 ምልክት ላይ ሲያደርሱት ሁለቱ አንቴናዎች አንድ ካልሆኑ መለኪያው ተዛብቷል። የሶቪየቶቹ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ፊልሙን ያሳልፉ፣ ፍጥነቱን ከዚያ ይቀይሩ፤ አለበለዚያ ሊሰበር ይችላል። ከሁለቱ የሶቪየት ካሜራዎች፣ ከዞርኪ 4 እና ከፌድ 2፣ ምረጥ ቢሉኝ እኔ ፌዱን ነው የማነሳው፤ መስኮቶቹ በተራራቁ ቁጥር መለኪያው ይበልጥ ልክ ይሆናልና። የዞርኪው መስኮቶች የሚራራቁት 3.8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የፌዱ 6.7፣ ከእርስዎ ዓይኖች እንኳ ትንሽ ሰፋ ይላል።