ረቂቁን ላኩት
የመመረቂያ ጽሑፋቸው አንድ ምዕራፍ ብቻ ቀርቷቸው ወራት ያለፉባቸው ተማሪዎች ለምክር ሲመጡ፣ አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚሉኝ «ሰነፍ ነኝ» ነው። ሰነፍ ሰው ግን ስላልሠራው ሥራ እያሰበ እንቅልፍ አጥቶ አያድርም።

የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ፋይሉን ስትከፍቱ «አማካሪዬ ቢንቀኝስ?» የሚል ስጋት ይመጣል። ስትዘጉት ጭንቀቱ ወዲያው ቀለል ይላል። አእምሮ ይህችን እፎይታ እንደ ሽልማት ይቆጥራታል፤ በማግስቱ መሸሽ ይበልጥ ይቀላል፣ መጀመር ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ፍርሃቱ እስኪለቅ መጠበቅ አያዋጣም። የሚቀንሰው የፈሩትን እየሠሩ ነው።

ከዚህ ፍርሃት ጀርባ ብዙ ጊዜ ፍጽምና ፈላጊነት አለ። በካናዳ የሚሠሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሂዊትና ፍሌት በ1991 እ.ኤ.አ. ፍጽምና ፈላጊነትን በሦስት ከፍለውታል፦ ከራስ ፍጹምነትን መጠበቅ፣ ከሌሎች መጠበቅ፣ ሌሎች ከእኔ ይጠብቃሉ ብሎ ማመን። በእኔ እይታ እኛን አብዝቶ የሚጎዳን ሦስተኛው ነው፤ «ሰው ምን ይላል» እየተባልን ያደግን ነንና።

ምን ይደረግ? ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር ያጠኑት ቀላል ዘዴ አለ። «ጠንክሬ እሠራለሁ» ከማለት ይልቅ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚሠሩ አስቀድሞ መወሰን፦ «ራት እንደበላሁ ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብዬ አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ»። አንቀጹ ቢያስጠላም ግድ የለም፤ ብቻ ይጻፍ።

ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ ባለሙያ አማክሩ። እስከዚያው ግን ያንን ያላለቀ ምዕራፍ እንዳለ በዚህ ሳምንት ለአማካሪያችሁ ላኩት።