ቋሚ ፋይሎችን ከድር መተግበሪያ ለይቶ ማቅረብ፦ ጥቅሙና ወሰኑ

በምዝገባና በውጤት መግለጫ ቀናት የዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ የሚጨናነቀው የኢንተርኔት መስመር ስለሚጠብ ብቻ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲን በመሰለ ተቋም አንዱ ተማሪ ከጉብሬ ግቢ፣ ሌላው ቡታጅራ ካለው ቤተሰቡ ዘንድ ሆኖ በሞባይል በአንድ ጊዜ ወደ ድረ ገጹ ሊገቡ ይችላሉ። አንደኛው ውጤቱን ለማየት፣ ሁለተኛው የትምህርት መመሪያ ለማውረድ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ከመረጃ ቋት ተሰልቶ የሚመለስ ሲሆን ሁለተኛው ለማንም ቢሆን ይዘቱ የማይለወጥ ቋሚ ፋይል ነው። ሁለቱን በአንድ መተግበሪያ ማስተናገድ የችግሩ አንድ ምንጭ ነው።

ለማሳያ በፓይተን የተጻፈ መተግበሪያ በጉኒኮርን አማካይነት በቀጥታ ለተጠቃሚ ቀረበ እንበል። አራት ኮር ላለው ሰርቨር የሚመከረው የፕሮሰስ ብዛት ሁለት ጊዜ አራት ሲደመር አንድ፣ ማለትም 9 ነው። በመደበኛው ቅንብር እያንዳንዱ ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ያስተናግዳል። 5 ሜጋባይት የሆነ ሰነድ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመውረድ 40 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ዘጠኝ ተማሪዎች ሰነዱን ሲያወርዱ ውጤቱን የሚፈልገው አሥረኛው ተማሪ ስሌቱ ቅጽበታዊ ቢሆንም ይጠብቃል። ከ30 ሴኮንድ በላይ ምላሽ ያልሰጠ ፕሮሰስ እንዲቋረጥ ስለሚደረግም ማውረዱ በመሃል ሊቆረጥ ይችላል።

መፍትሔው ቋሚ ፋይሎችን ኤንጂንኤክስን ለመሰለ ዌብ ሰርቨር መስጠት ነው። ኢጎር ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረገው ይህ ሶፍትዌር በጥቂት ፕሮሰሶች በሺህ የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን ይይዛል። ጃንጎን በሚጠቀም ሥርዓት «ኮሌክትስታቲክ» የተሰኘው ትእዛዝ ፋይሎቹን በአንድ ማህደር ይሰበስባል፤ ዌብ ሰርቨሩም መተግበሪያውን ሳይጠይቅ ከዚያ ያቀርባቸዋል። በፋይሉ ስም ላይ ከይዘቱ የተሰላ መለያ ከተጨመረ ብሮውዘሩ ፋይሉን ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ማዘዝ ይቻላል፤ ይዘቱ ሲለወጥ ስሙም ስለሚለወጥ አሮጌው ቅጂ አያሳስትም። 800 ኪሎባይት ምስልና ስክሪፕት ያለውን ገጽ አሥር ጊዜ የሚከፍት ተማሪ 8 ሜጋባይት በማውረድ ፈንታ 800 ኪሎባይት ብቻ ያወርዳል። የሞባይል ዳታ በሚገዛ ተማሪ ዘንድ ልዩነቱ የገንዘብ ነው።

ይሁን እንጂ የማይለወጥ ፋይል ሁሉ ለሁሉም የተፈቀደ አይደለም። የውጤት ማስረጃ፣ የክፍያ ደረሰኝና ገና ያልጸደቀ የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍት ማህደር ከተቀመጡ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ሊያነባቸው ይችላል። ለእነዚህ መተግበሪያው የተጠቃሚውን ፈቃድ ካረጋገጠ በኋላ «ኤክስ አክሰል ሪዳይሬክት» በተባለው የምላሽ ራስጌ የማስተላለፉን ሥራ ብቻ ለኤንጂንኤክስ ያስረክባል። ውሳኔው በመተግበሪያው እጅ ይቀራል፤ ጊዜ የሚፈጀው ሸክም ግን ይነሳለታል።

ስለዚህ ፋይሎችን ከመለየት በፊት ስለ እያንዳንዳቸው ሁለት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው፦ ይዘቱ በተጠቃሚው ማንነት ይለወጣልን? ማንም እንዲያየው ተፈቅዷልን? የመጀመሪያው የፍጥነት፣ ሁለተኛው የምስጢር ጥበቃ ጥያቄ ነው፤ የአንዱ መልስ ለሌላው አይበቃም።