ሰው ሠራሽ አልማዝና በውስጡ ያሉ ባዕድ አቶሞች

«አልማዝ ለኛ ምናችን ነው?» የሴሚናር ርእሴን የሰሙ የክፍል ጓደኞቼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህን ነው። እውነት ነው፣ የቀለበቱ አልማዝ ከኛ ኪስ ሩቅ ነው። ሰው ሠራሹ ግን ባሕር ዳር ውስጥም በየቀኑ ሥራ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር በሚሠሩት ሕንፃዎች ሴራሚክና ድንጋይ የሚቆርጠው ዲስክ ጠርዙ ላይ ብዙ ጊዜ የአልማዝ ብናኝ አለው። በዚህ ጽሑፍ በአልማዝ ውስጥ የገቡ ባዕድ አቶሞች በማግኔቲክ ሬዞናንስ እንዴት እንደሚታወቁ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባዕዱ ከየት ይገባል?

የስዊድኑ ኩባንያ አሴአ አልማዝ የሠራው በ1953 ቢሆንም ወዲያው ይፋ አላደረገም። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1954 ሠርቶ በ1955 አስታወቀ። ዘዴው ግራፋይትን ከ50 ሺህ የከባቢ አየር ግፊት በላይና በ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ በቀለጠ ብረት፣ ኒኬል ወይም ኮባልት ውስጥ አሟሙቶ አልማዝ ሆኖ እንዲያድግ ማድረግ ነው። ታዲያ ከብረቶቹ ጥቂት አቶሞች፣ ከአየሩም ናይትሮጅን ክሪስታሉ ውስጥ ይቀራሉ። ናይትሮጅኑ በሚሊዮን የካርቦን አቶሞች መካከል ከ100 በላይ ሊደርስ ይችላል። አልማዙን ቢጫ የሚያደርገውም እሱ ነው።

ሦስት መስመር ለምን?

ካርቦን አራት የትስስር ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ናይትሮጅን አምስት። በካርቦን ቦታ ሲቀመጥ አንዱ ኤሌክትሮን ጥንድ ያጣል። ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን እንደ ትንሽ ማግኔት ስለሆነ በማግኔቲክ ፊልድ ውስጥ ሁለት የኃይል ደረጃዎች ይኖሩታል። የማይክሮዌቩ ኃይል በደረጃዎቹ መካከል ካለው ልዩነት ጋር ሲገጥም ኤሌክትሮኑ ይውጠዋል። ይህን ክስተት በ1944 ካዛን ላይ ያገኘው ዛቮይስኪ ነው። በ9.5 ጊጋኸርዝ ብንሠራ መስመሩ የሚታየው 339 ሚሊቴስላ አካባቢ ነው። ሒሳቡን ማንኛችንም በካልኩሌተር ማረጋገጥ እንችላለን።

ነገር ግን የሚታየው አንድ መስመር ሳይሆን ሦስት ነው። የናይትሮጅን-14 ኒውክሊየስ ስፒኑ 1 ስለሆነ ሦስት አቅጣጫ ይይዛል፤ ኤሌክትሮኑም የሚሰማው ፊልድ ሦስት ዓይነት ይሆናል። ፊልዱ በክሪስታሉ ኪዩብ ጠርዝ አቅጣጫ ሲሆን በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 3.3 ሚሊቴስላ ገደማ ነው። ስሚዝ፣ ሶሮኪንና ባልደረቦቻቸው ይህን በ1959 አሳትመዋል።

አሁን ክሪስታሉን እናዙረው። ፊልዱ በኪዩቡ ሰያፍ ሲሆን የዳርና የዳር መስመሮች እያንዳንዳቸው ለሁለት ይከፈላሉ፤ ጥንካሬያቸውም 1 ለ 3 ይሆናል። ለምን? ኤሌክትሮኑ ከአራቱ ትስስሮች በአንዱ ላይ ስለሚያዘነብል ነው። ከአራቱ አንዱ ከፊልዱ ጋር ትይዩ ነው፣ ሦስቱ አይደሉም። እንግዲህ መስመር በመቁጠር ብቻ የአቶሙን ማንነትም አቀማመጡንም አወቅን ማለት ነው። ኒኬል ከሆነ መስመሩ 5 ሚሊቴስላ ያህል ዝቅ ብሎ ይወጣል። ኮባልት ደግሞ የኒውክሊየሱ ስፒን 7/2 ስለሆነ ስምንት መስመር ይሰጣል።

ዝምታ ንጽሕና አይደለም

እኔን በጣም ያስተማረኝ ክፍል ይኼ ነው። አልማዙ በከፍተኛ ግፊት ከ1,700 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ናይትሮጅኖቹ እየተንቀሳቀሱ ሁለት ሁለት ሆነው ይጎራበታሉ። ያኔ ብቸኞቹ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ያገኛሉ፣ ምልክቱም ይደክማል። መሣሪያውን ብቻ ያየ ሰው «ናይትሮጅኑ ወጣ» ሊል ይችላል። አንድም አቶም ግን አልወጣም! ስለዚህ በኢንፍራሬድ ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ብቸኛው ናይትሮጅን በ1,130፣ ጥንዱ በ1,282 በሴንቲሜትር ይታያል። ማንኛውም መሣሪያ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው።

ከጣና ዳር ሲታይ

አልማዙን በኤሌክትሮን ጨረር መትተን 800 ዲግሪ አካባቢ ብናሞቀው ከናይትሮጅኑ ጎን ባዶ ቦታ ይቀመጣል። የዚህን ጉድለት የማግኔቲክ ሬዞናንስ ምልክት በ1970ዎቹ ካጠኑት መካከል ሉብዘርና ቫን ዋይክ ይገኙበታል፤ የሠሩትም እዚሁ አፍሪካ፣ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1997 ደግሞ ጀርመን አገር አንዱ ጉድለት ለብቻው በብርሃን ተነበበ። አረንጓዴ ብርሃን ሲበራበት ቀይ ያበራል፤ ሬዞናንሱም 2.87 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ናኖቴስላ እስከ 28 ኸርዝ ይንሸራተታል።

ለጓደኞቼ ጥያቄ መልሴ እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዳር የምትገኘው ለማግኔቲክ ኢኳተር ቅርብ ነው። ከላያችን 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ቀን ቀን የሚፈሰው ኤሌክትሮጄት የምድሩን ፊልድ በአሥሮች በሚቆጠር ናኖቴስላ ይለውጠዋል። 40 ናኖቴስላ ቢሆን የአልማዙ ሬዞናንስ ከ1 ኪሎኸርዝ ትንሽ ከፍ ያለ ይንሸራተታል። ትንሽ ነው፣ ግን የሚለካ ነው። ፋብሪካው እንደ ቆሻሻ የሚቆጥረው ናይትሮጅን ለኛ ሰማይ መለኪያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ለመጀመር ውድ መሣሪያ መጠበቅ የለብንም። የሦስቱን መስመሮች ቦታ በየማዕዘኑ አስልቶ በግራፍ ወረቀት መሣል የኳንተም ሜካኒክስ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ኑ፣ አብረን እንሥራው።